ከደመወዛችን ላይ የምትቆረጠው ብር ታሪክ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ኔትወርክ ሲኖር ክፈቱትና በኋላ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተነሣው ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። እዚህ ያስተማረ ሰው እንደሚያውቀው በዚያ ቀን ክፍል ውስጥ የምታገኘው ተማሪ ይሳሳል፤ ግማሹ ፍየል ሊሸጥ፣ ግማሹ ዘመድ ሊያይ ይወጣል። እኛም ስታፍ ቁጭ ብለን የደመወዝ ዝርዝራችንን እያየን ነበር። ዘንድሮ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና «ቲቸር፣ ይቺ የማኅበር መዋጮ የምትባለዋ ምንድን ናት? እኔ የፈረምኩበት ነገር የለም እኮ» አለኝ። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ነባር መምህር «የሻይ ናት፣ እነሱ ይጠጡልሃል» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ግን ሳቁ አልተመቸኝም። ምክንያቱም የትምህርት ቤታችን መሠረታዊ መምህራን ማኅበር ምርጫ ቀርቧል፣ ባልደረቦቼም «አንተ ታሪክ አስተማሪ ነህ፣ መናገርም ትችላለህ» ብለው ስሜን አስገብተዋል። የዓድዋን ታሪክ በቀን በሰዓቱ የማስተምር ሰውዬ ስለ ራሴ ማኅበር ሲጠይቁኝ መልሴ ሳቅ ከሆነ ነገሩ ያሳፍራል። ስለዚህ ለዚያ ልጅ መመለስ የነበረብኝን እዚህ ልጻፍ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። የተማረ የተባለውን ትውልድ ጣሊያን ስለጨረሰው አገሪቱ አስተማሪ በፋኖስ የምትፈልግበት ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በውጭ አገር ሰዎች ነበር የሚመሩት። እንግዲህ ጥቂት ኢትዮጵያውያን መምህራን አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የጀመሩት ነገር ነው ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት።

ከማኅበሩ ምሥረታ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለወጣ አንድ ሕግ ልንገራችሁ፤ ለእኛ አካባቢ ከማኅበሩ መመሥረት የበለጠ ትርጉም ነበረው ብዬ አምናለሁ። በ1940 መንግሥት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር የሚባል ጣለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ በየጠቅላይ ግዛቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚያው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይውላል፣ የአካባቢ የትምህርት ቦርድም ይከታተለዋል። ግን አስቡት፤ ግብሩ የሚጣለው በእርሻ መሬት ላይ ነው። ብዙ የታረሰ መሬት ያለበት አገር ብዙ ይሰበስባል፣ ብዙ ይሠራል። ያኔ ቱርሚም ዲመካም በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ውስጥ ነበሩ። ሐመር ሀብቱ ከብት ነው። በመሬት ግብር ትምህርት ቤት ይሠራል ከተባለ፣ ለአርብቶ አደሩ ልጅ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣለታል? ሕጉ የጻፈው ሰው ሐመርን ሊጎዳ አስቦ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። አላሰበውም፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያለው የትምህርት ገንዘብ ታሪክ ለእኔ ብዙው ክፍሉ እንዲህ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ እኛ ግን በሒሳቡ ውስጥ የለንም።

አሁን ወደ 1966 እንሂድ።

ብዙ ሰው የ1966ን አብዮት ሲያስብ ወታደሩን ያስባል፣ ወሎን ያስባል፣ የታክሲ ሾፌሮችን ያስባል። ተማሪዎቼም ፈተና ላይ እንዲህ ነው የሚጽፉት፤ እኔም ራሴ እንዲህ ነበር ያስተማርኳቸው። መምህራኑን ግን እንረሳቸዋለን። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ መናር ሥራ ባቆሙበት በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጀምሯል። መምህሩ ሁለት ጥያቄ ነበረው። አንዱ ደመወዝ ነው፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን ሴክተር ሪቪው የሚባል ሰነድ ነበር።

ሴክተር ሪቪው ምን ነበር? መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ1964 ጀምሮ ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ነው። ጥናቱ የተነሣበት እውነት መራራ ነበር፦ ከአገሪቱ ሕዝብ ከ10 ሰው 9ኙ ማንበብ አይችልም፣ ለትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ግን በጥቂት ከተሞች ላሉ ጥቂት ተማሪዎች ነው የሚውለው። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው፣ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ጠበብ ይበል የሚል ነው። ብዙው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ እርሻው፣ ወደ መንደሩ ሥራ ይመለሳል ማለት ነው።

ሰነዱ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ አልተገለጠም ነበር። ወሬው ሲወጣ አገሩ ተናጠ። ወላጁ «ልጄን አራተኛ ክፍል ላይ ሊያስቀሩብኝ ነው» አለ፤ ተማሪው «የደሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ነው» አለ፤ መምህሩ ደግሞ በዝቅተኛ ደመወዝ የታጨቀ ክፍል ሊያሸክሙኝ ነው ብሎ ሠጋ። ሦስቱ ፍርሃቶች ተገናኙ። የመምህራኑ አድማ ጉልበት ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደመወዝ ብቻ ቢጠይቁ ኖሮ ወላጁ «እነሱማ ከእኛ የተሻለ ይበላሉ» ብሎ ያልፋቸው ነበር። የልጁን ወንበር አብረው ስለጠየቁ ግን ወላጁ ከጎናቸው ቆመ።

አድማው በተጀመረ በሳምንቱ ውስጥ ንጉሡ ሴክተር ሪቪው እንዲዘገይ፣ የነዳጁም ዋጋ እንዲቀንስ አደረጉ። በዐሥር ቀን ገደማ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑም በዚያው ወር መጨረሻ አጠቃላይ አድማ መታ። ጠመኔ የያዘ ሰው መንግሥት ሲነቀንቅ በታሪካችን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ ከቱርሚ የሚታየኝን ልናገር። ደፍሬ ነው የምናገረው፣ ትላልቆቹ መምህራን እንዳትቆጡኝ። ሴክተር ሪቪው ቢጸድቅ ኖሮ የአዲስ አበባው ልጅ ይጎዳ ነበር፤ እሺ። የሐመሩ ልጅስ? የሐመሩ ልጅ እኮ ያኔ አራተኛ ክፍልም አልነበረውም። ሰነዱ ቢያንስ በወረቀት ላይ ለእሱ አራት ዓመት ይሰጠው ነበር። አድማው አራቱን ዓመት ለወረቀት መደርደሪያ ሰጠው፤ በምትኩም እሱ ያለበት ሌላ ዕቅድ ያቀረበ ሰው አልነበረም። አድማው ስሕተት ነበር እያልኩ አይደለም። ለአራት ዓመት ተማርና ፍየልህን ጠብቅ የሚል ፖሊሲ ዛሬ ለእኔ ተማሪ ቢመጣ እኔም አድማ እመታለሁ። ግን «ለልጁ» ስንል የትኛውን ልጅ እያሰብን ነው? ማኅበሩ የሚናገረው በከተማው ወላጅ ድምፅ ነበር፤ ከካስኬ ወንዝ ማዶ ያለው ወላጅ ድምፁን የሚያሰማበት ሬዲዮም አልነበረውም።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ብዙዎቹ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ማለት ጀመሩ፣ በማኅበሩ ውስጥም ይሄ ጥያቄ ጮክ ብሎ ይነሣ ነበር። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በቀይ ሽብር ስንት መምህር ከክፍሉ እንደተወሰደ የእያንዳንዱ አውራጃ ሽማግሌ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ደርግ ማኅበሩን አልዘጋውም። አቅፎ ያዘው፣ ከሌሎቹ የብዙኃን ማኅበራት ጋር አሰለፈው፣ ሰልፍ ላይ መፈክር አስያዘው። መታቀፍም አንዱ የመታፈን ዓይነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ትልቅ ሥራ ነበር። በ1971 ሲጀመር መምህሩና ተማሪው ነበር የተሸከመው፤ በዓመቱም ዩኔስኮ ሸልሞታል። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። ሐመርኛ ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። ይሄንን ክፍል ውስጥ ስነግራቸው አንዷ ተማሪዬ «አስራ ስድስተኛ እንሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት።

ከ1983 በኋላ ያለውን ምዕራፍ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የሚመለከታቸው ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ግን በአደባባይ የተመዘገበ ታሪክ ስለሆነ ልጻፈው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ከ40 በላይ ምሁራን አንዱ ናቸው። ማኅበሩ አዲሱን የትምህርት ፖሊሲ ይተች ነበር። በዚያው ዓመት አካባቢ በተመሳሳይ ስም ሌላ የመምህራን ማኅበር ብቅ አለና መንግሥት ዕውቅና ሰጠው። የነባሩ ማኅበር ጽሕፈት ቤቶች ተዘጉ፣ የባንክ ሒሳቡ ታገደ። እንግዲህ ያቺ ከደመወዝ የምትቆረጠው ብር የምትገባበት ኪስ የተቀየረው ያኔ ነው። ልጁ «ማን ፈረመ?» ያለው ጥያቄ በሕግ ፊት ዐሥራ አምስት ዓመት ያከራከረ ጥያቄ መሆኑን ሲያውቅ ምን ይል ይሆን?

ዶ/ር ታዬ ግንቦት 1988 ከውጭ አገር ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታሰሩ። በ1991 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት ስላወረደው ተፈቱ፣ አምስቱን ዓመትማ ጨርሰውት ነበር። ምክትል ዋና ጸሐፊ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጠዋት በእግራቸው ወደ ሥራ እየሄዱ ሳለ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም የሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ። ጉዳዩ ጄኔቫ ድረስ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዘንድ ቀርቦ ለዓመታት ታየ። እኔ ይሄንን ሳነብ የቆየሁት በጠዋቱና በእግር መንገዱ ላይ ነው። እኛም ጠዋት ጠዋት በእግራችን ነው ወደ ሥራ የምንሄደው።

የስሙ ክርክር ሰኔ 2000 በሰበር ሰሚ ችሎት አለቀ፤ ስሙም ንብረቱም መንግሥት ዕውቅና ለሰጠው ማኅበር ሆነ። ነባሮቹ በሌላ ስም ለመመዝገብ ቢጠይቁም ተከለከሉ።

ይሄን ጽፌ ብቆም ግን ያሁኑን ማኅበር በደልኩት ማለት ነው። ዛሬ ያለው ማኅበር ምንም አልሠራም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የደረጃ እድገት መሰላሉ እንዲሻሻል፣ መምህራን በየክልሉ ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ እንዲያገኙ ተከራክሯል። በዶ/ር ዮሐንስ በንቲ ፕሬዚዳንትነት ጊዜ ደመወዝ ስለተቋረጠባቸው መምህራን በይፋ ጮኋል። በቅርብ ዓመታት በደቡቡ የአገራችን ክፍል መምህራን ወራት ያለደመወዝ ሲያስተምሩ እንደነበር ይሄን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በራሳችሁ ጎጆ ታውቁታላችሁ። ይጮኻል፤ ግን ጩኸቱ የሚታሰርበት ገመድ በሕግ አጭር ነው።

ይሄ ብዙ መምህር የማያውቀው ነገር ነው። የእኛ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ1985ቱም፣ የ1996ቱም፣ አሁን የሚሠራበት ቁጥር 1156/2011ም፣ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ማኅበር ይመሠርታል እንጂ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ የኅብረት ስምምነት አይደራደርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይሰጣል፣ ዝርዝሩ ግን በሕግ ይወሰናል ይላል። ኢትዮጵያ በነፃነት የመደራጀት ስምምነት የሚባለውን፣ ቁጥር 87ን፣ ያጸደቀችው በ1955 ነው፤ ጄኔቫም ሕጉን አስተካክሉ እያለ ደጋግሞ ጽፏል። ሽማግሌ ሆኖ መለመን እንጂ እንደ ባለመብት መደራደር የለም፤ የወረዳ ማኅበር ሊቀመንበር አብዛኛው ሥራው ይሄ ነው።

ለምን ይሄን ሁሉ እላለሁ? ስለ በጀት ነው።

በዓለም ደረጃ በ2007 ኢንቺዮን ላይ የተስማሙት፣ አገሮች ከመንግሥት ወጪያቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት ይመድቡ የሚል ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በላይ ስትመድብ ቆይታለች። ይሄን ስታፍ ውስጥ ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ «ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ?» ይሉኛል። የሄደበት ግልጽ ነው። ከ1994 ጀምሮ በጀት ከክልል ወደ ወረዳ በድጎማ ይወርዳል፤ ወረዳው ላይ ሲደርስ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፣ ደመወዙም ራሱ አይበቃም። ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ናት ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የላብራቶሪ ዕቃ የምትባለው። በ2001 የተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች ቀጥታ ድጎማ ይሰጥ ስለነበር ትንሽ ተነፈስን። ግን በተማሪ ቁጥር! ሰው ተራርቆ በሚሰፍርበት፣ ከብት ተከትሎ በሚንቀሳቀስበት አገር ተማሪው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነ ድጎማው ጥቂት ነው፤ ድጎማው ጥቂት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ደካማ ነው፤ ደካማ ስለሆነ ተማሪው ይቀራል። በ1940 ግብሩ የተሰላው በመሬት ነበር፣ ዛሬ ድጎማው በሰው ራስ ይሰላል፤ ሁለቱም ጊዜ ሒሳቡ ሐመር ላይ ሲደርስ ያንሳል።

ከዚያ ደግሞ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ሲሆን፣ ጣት ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ጥፋት የለበትም አልልም፤ እኔ ራሴ በዲፕሎማ ሃይስኩል የማስተምር ሰው ነኝ፣ ጉድለቴን አውቀዋለሁ። ግን ያኔ ከማኅበራችን የጠበቅሁት አንድ ነገር ነበር፦ እነዚያ ልጆች የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በዓመት ለሥራ ማስኬጃ ስንት ብር እንደደረሳቸው ወረዳ በወረዳ ዘርዝሮ ለሕዝብ ማሳየት። በ1966 ወላጁን ከመምህሩ ጋር ያቆመው እንዲህ ያለው ነገር ነበር። አልሆነም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቱርሚ ከመምጣቴ በፊት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የአርብቶ አደር ልጆች የሚያድሩበት ሆስቴል ነበር። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ የምግቡ በጀት አለቀ። ማንም «ሂዱ» አላላቸውም። እህሉ ሲያልቅ በየተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄዱ። አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የታሪክ መጽሐፉን ሊመልስልኝ መጣ፤ ንብረት እንዳይጠፋብኝ አስቦ ነው። «ይዘኸው ሂድ፣ ስትመለስ ታመጣዋለህ» አልኩት። መጽሐፉም እሱም አልተመለሱም። በዚያ ወር ስታፍ ውስጥ ስብሰባ ነበረን፤ አጀንዳው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነበር፣ እኔም እጄን አውጥቼ ስለ ትርፍ ሰዓት ነው የተናገርኩት። ስለ ሆስቴሉ አንድ ሰው አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ማኅበሩን ስወቅስ ይቺን ስብሰባ እያስታወስኩ ነው።

ምርጫው የፊታችን ዓርብ ከስድስተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። ብመረጥም ባልመረጥም ሁለት አጀንዳ አስይዣለሁ። አንደኛው ደመወዝ በሰዓቱ እንዲገባ፤ ይሄን ልተወው አልችልም፣ ሁላችንም ቤተሰብ አለን። ሁለተኛው፣ የትምህርት ቤታችን የዘንድሮ የሥራ ማስኬጃ በጀትና የሆስቴል ምግብ በጀት ስንት እንደሆነ፣ እስከ ስንት ወር እንደሚያደርስም፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ በአማርኛም በሐመርኛም እንዲነበብ። ስብሰባው ሰኞ ከሰዓት ይሁን ብያለሁ፣ ወላጆች ለገበያ ስለሚመጡ።

ያ ወጣት መምህር ትናንት ጽሑፉን ጨርሰኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሐመርኛ በደንብ ስለሚችል የሚያነበው እሱ ነው ብዬ ስሙን ቃለ ጉባኤው ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ገና አልነገርኩትም። ይሄን ካነበበ አሁን ያውቃል።